የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ከሜዳ እስከ ስልክ፤ ነፋስ ስልክ ላፍቶን መነሻ ያደረገ የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል የሚመስል ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ ደቡብ በሚገኘው በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርታቸውን በእጅ ስልክ ከሚታዩ አጫጭር ቪዲዮዎች መማር ስለ መልመዳቸው ነው። ተማሪው የተግባር ፈተና ሲደርስበት ቲክቶክን ወይም ዩቲዩብን ይከፍትና ወደ ፊት መንከባለልን፣ በእጅ መቆምን፣ የመረብ ኳስ አቀባበልን፣ ኳስ ወደ ቅርጫት ማስገባትን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ሥዕል ደጋግሞ ይመለከታል። ከዚያም በቤቱ ወለል ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ ወይም በጋራ መኖሪያ ቤቱ ሕንፃ ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ያየውን ይሞክራል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ልማድ ስንፍና ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ የትምህርት እድገት ነው ብለው ያመሰግኑታል። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ አሳብ አለ፤ ነገሩ ፍጹም አዲስ ነው የሚለው። እኛ ግን የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን ሥሩን ለመፈለግ ወደድን። ስንፈልገውም የሰውነት ትምህርት ከሩቅ በመጣ ሥዕልና ድምፅ መሰጠት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ሆነ ተረዳን። ከዚህም ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሥዕሉም ሆነ ድምፁ ፍሬ ያፈራው በቦታው ቆሞ የተማሪውን ሰውነት የሚያይና የሚያርም ሰው በተገኘበት ጊዜ ነው። ይህ ሰው በጠፋበት ቦታ ትምህርቱ ቀስ በቀስ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ዛሬ በክፍለ ከተማው ትምህርት ቤቶች የሚያሳስበንም ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የአገራችንን ነገር በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የውጭ አገሩን ግን በአውሮፓ አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) እንጽፋለን።

፩. ስለ ቦታው

የቦታው ስም ራሱ ለጉዳያችን ጥሩ መግቢያ ነው። አባቶቻችን በሽቦ የሚነገረውን ስልክ ከለመዱ በኋላ ያለ ሽቦ የሚሄደው የራዲዮ መገናኛ ሲመጣ፣ ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ ነው ብለው «ነፋስ ስልክ» አሉት። ይህም ስም በከተማው ደቡብ ለሚገኘው ሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ በክፍለ ከተሞች ስትከፈል የነፋስ ስልክና የላፍቶ ስሞች ተጣምረው የአንዱ ክፍለ ከተማ ስም ሆኑ። እንግዲህ ያለ ሽቦ በሚመጣ ሥዕል የሚማሩት የዛሬ ልጆች የሚኖሩት ያለ ሽቦ በሚመጣ ድምፅ በተሰየመ ቦታ ነው ማለት ነው።

ክፍለ ከተማው ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ለቡን፣ ላፍቶንና ጀሞን የመሳሰሉ ሰፈሮች ይዟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ፣ ይልቁንም ለቡና ጀሞ፣ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት እርሻና ግጦሽ ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ሲስፋፋ ጀሞ ከከተማው ታላላቅ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ብዙ ቤተ ሰብ መጠለያ ስላገኘበት ይህ ታላቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ልጆች እንደ ልባቸው ኳስ ይራገጡበት የነበረው ሰፊ ሜዳ በዚያው መጠን ቀነሰ። በሕንፃዎቹ መካከል የቀረው ቦታ መኪና ይቆምበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ የድግስ ድንኳን ይተከልበታል። ተማሪው ልምምዱን በአንዲት ብርድ ልብስ ላይ የሚያደርገው ስለ ሰነፈ ብቻ እንዳይደለ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

፪. ሰውነት በዐይን ስለ መማሩ

ሰውነት የሚማረው በመጀመሪያ በዐይን ነው። በአገራችን የገና ጨዋታ፣ ትግል፣ ጉግስና ዋና ሲተላለፉ የኖሩት ያለ መጽሐፍ ነው። እስክስታንም የሚማር ልጅ በሠርግ ቤት ጥግ ቆሞ የታላላቆቹን ትከሻ ይመለከታል፤ ከዚያ ይሞክራል፤ ሲሳሳት ይሳቅበታል፤ እኅቱ ወይም አክስቱ ትከሻውን ይዛ ታሳየዋለች። በዚህ ትምህርት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ማየት፣ መሞከርና መታረም። እነዚህን ሦስቱን አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም ኋላ የመጣውን ሁሉ የምንመዝነው በእነርሱ ነው።

በአውሮፓ የሰውነት ትምህርት ሥርዓት ይዞ በትምህርት ቤት መሰጠት ሲጀምር ዕውቀቱ ከአገር ወደ አገር በመጽሐፍ ሥዕል ይሄድ ነበር። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጅምናስቲክ ተቋም መሠረተ። ከዚያ የወጡት መምህራንና የእንቅስቃሴው ቅርፅ የተሣለባቸው መጻሕፍት የስዊድንን ጅምናስቲክ በብዙ አገሮች አስፋፉ። ነገር ግን የቆመ ሥዕል የእንቅስቃሴውን መጀመሪያና መጨረሻ ሲያሳይ በመካከል የሚሆነውን አያሳይም። መካከሉን የሚሞላው መምህሩ ነበር።

መካከሉን በሥዕል ለመያዝ የተደረገው ጥረት ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ወለደ። ኤድዋርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 በካሊፎርኒያ የሚጋልብ ፈረስ በተከታታይ ፎቶግራፍ አነሣ፤ በኋላም የሚሮጡና የሚዘልሉ ሰዎችን እንዲሁ አደረገ። በፓሪስ ኤትየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 በተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ከረዳቱ ከዦርዥ ደመኒ ጋር የሰውን አረማመድ፣ አሯሯጥና አዘላለል መረመረ። ፎቶግራፍ ከሚነሡትም መካከል የዦዋንቪል የወታደሮች ጅምናስቲክ ትምህርት ቤት ሰዎች ይገኙ ነበር። እነዚያ ሥዕሎች ርዝመታቸው ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም ነበር። እንግዲህ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገና ሲወለድ አጭር ነበረ፤ ካነሣሡት ምክንያቶችም አንዱ የሰውነትን እንቅስቃሴ ማወቅ ነበረ። ዛሬ በቲክቶክ የሚታየው አጭር የስፖርት ቪዲዮ ወደዚያ መነሻ የተመለሰ ነገር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

፫. ትምህርቱ በአገራችን

በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን፣ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ሆነ ኋላ በመንግሥትና በሚሲዮን እጅ በተከፈቱት፣ የሰውነት ትምህርት በአብዛኛው የሰልፍ ጠባይ ነበረው። «ተጠንቀቅ!» «አሳርፍ!» እየተባለ በረድፍ ቆሞ እጅና እግርን ማንቀሳቀስ ከዚያ የመጣ ነው። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ ይህ ልማድ እስከ እኛ ዘመን እንደ ደረሰ እናውቃለን። ከሰልፉ ጎን ግን እግር ኳስ፣ ሩጫና ሌላውም ጨዋታ ገባ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫወቱ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ገደማ፣ ስዊድናዊው ሚስተር ኦኒ ኒስካነን ወደ አገራችን መጡ። ከክብር ዘበኛ ሰዎች ጋር የሠሩት ሥራ ፍሬ በዓለም ፊት የታየው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶክዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ዳግመኛ አሸነፈ።

በቶክዮ የሆነውን አንድ ነገር በተለይ ማንሣት እንወዳለን። አበበ የመጨረሻውን መሥመር ካለፈ በኋላ ለመውደቅ አልደረሰም፤ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ እግሩንና ወገቡን የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ይሠራ ጀመር። የቶክዮ ጨዋታዎች በሳተላይት ወደ ሌላ አገር ለመተላለፍ የመጀመሪያዎቹ የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረውም በዚያው ወር፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመስኮት የታየ ኢትዮጵያዊ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የራሱ ጥንታዊ ምሳሌ አለው ማለት እንችላለን። ከዚያ ምሳሌ በስተ ጀርባ ግን ዓመታት የፈጀ ሥልጠና፣ ሰዓት ይዞ በመንገድ ዳር የሚቆም አሠልጣኝም ነበረ። ተመልካቹ ያየው ጥቂቱን ደቂቃ ነው።

፬. ድምፅና መስኮት

የሰውነት ትምህርት በራዲዮ ሊሰጥ ይችላል ቢባል ብዙዎች አያምኑም ይሆናል። ሆኖም በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1928 በራዲዮ የሚመራ ጅምናስቲክ ተጀመረ። በቻይናም እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሳሳይ ሥራ ተዘረጋ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ሙዚቃ ይሰማል፣ ቁጥር ይቈጠራል፣ ሕዝቡ በትምህርት ቤት አጥር ግቢና በፋብሪካ ደጃፍ ተሰብስቦ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ብቻ የሆነው ትምህርት የሠራው ስለ ምንድን ነው? እንቅስቃሴዎቹ ጥቂትና የማይለወጡ ስለ ሆኑ፣ ደግሞም በየቦታው ከፊት ቆሞ የሚያሳይ ሰው ስለ ነበረ ነው። ራዲዮው ጊዜውን ይጠብቃል፤ ማሳየትና ማረም ግን በሜዳው ላይ ላለው ሰው ይቀራል።

በአገራችን የቴሌቪዥን ትምህርት በሰፊው የተሞከረው ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተተከለው «ፕላዝማ» ነው። ከሳተላይት የሚመጣው መምህር ሒሳብን፣ እንግሊዝኛን፣ የተፈጥሮ ሳይንስንና የመሳሰሉትን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያስተምር ነበር። ዕቃው ውድ ነው፣ ሥዕሉም ግልጥ ነው፤ ነገር ግን ያልገባው ተማሪ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ሊለው አይችልም። በክፍል ውስጥ ያለው መምህር ሥርጭቱ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ ያመልጣል። ሰውነት ማጎልመሻ ግን በፕላዝማ አልመጣም፤ በሜዳ ቀረ። ስለዚህ የዚህ ትምህርት መምህር ሌሎቹ መምህራን በመስኮት ሲተኩ እርሱ ከተማሪው ጋር ፊት ለፊት እንደ ቆመ ኖረ። ይህን እንደ ጉዳት የቈጠሩት ነበሩ፤ ዛሬ ወደ ኋላ ዘወር ብለን ስናየው ግን ትምህርቱ የተጠቀመ ይመስለናል።

፭. መጋቢት 2012 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ

የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርቱ ወደ ራዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ሄደ። በዚያው ሰሞን በእንግሊዝ አገር ጆ ዊክስ የተባለ አሠልጣኝ ለልጆች በዩቲዩብ የጠዋት የሰውነት እንቅስቃሴ መስጠት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2020 በአንድ ጊዜ 955,185 መሣሪያዎች እንደ ተከታተሉት ተመዝግቧል። የጥንቱ የራዲዮ ጅምናስቲክ በሥዕል ተመለሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን በጃፓን ሰው በአደባባይ ሲሰበሰብ፣ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ በየቤቱ ተዘግቶ መሥራቱ ነው።

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ስልኩ ከተማሪው ጋር ተመለሰ። በዚህም ጊዜ የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያዎች በዓለም ላይ ነግሠው ነበር። የዚህ ዓይነት ሥራ ከቀደሙት አንዱ የሆነው ቫይን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ስድስት ሰከንድ ብቻ ይፈቅድ ነበር። ቲክቶክ በቻይና በሌላ ስም እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጀመረ በኋላ በ2017 ወደ ውጭ አገር ወጣ፤ በ2018 ከሙዚካሊ ጋር ተዋሐደ። በመጀመሪያ ዐሥራ አምስት ሰከንድ የነበረው ልክ ወደ አንድ ደቂቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሦስት፣ በ2022 ወደ ዐሥር ደቂቃ ተራዘመ። ዩቲዩብም በ2021 «ሾርትስ» የተባለውን በዓለም ሁሉ ዘረጋ። በአገራችንም እስከዚያ ድረስ ኢትዮ ቴሌኮም ለብቻው ይዞት በነበረው የስልክ ሥራ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሲገባ ተወዳዳሪ ተገኘ። በዚህ ሁሉ ምክንያት የነፋስ ስልክ ላፍቶ ተማሪ ከየትም አገር የመጣ አሠልጣኝን በኪሱ ይዞ መሄድ ቻለ።

፮. አጭሩ ቪዲዮ የሚሰጠውና የሚነሣው

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አስቀድመን ጥቅሙን እንናገር። አንደኛ፣ አጭሩ ቪዲዮ ይደገማል፤ አንዳንዱም ፍጥነቱ ይቀነሳል። ፕላዝማው «አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ» ብሎ ሲያልፍ ይህኛው ተማሪው እስኪጠግብ ድረስ ይታዘዛል። ብዙው ቪዲዮ በውጭ አገር ቋንቋ ቢሆንም ሰውነት ራሱ ስለሚናገር ቋንቋው ብዙ አያግድም። ሁለተኛ፣ በሰው ፊት መሥራት ለሚያፍር ልጅ መሸሸጊያ ይሆናል። ይልቁንም ብዙ ሴት ተማሪዎች በወንዶች ፊት መንከባለልና መዝለል ይከብዳቸዋል። በቤት ውስጥ ዘግታ አስቀድማ የተለማመደች ልጅ በሜዳው ላይ ደፍራ ትወጣለች። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘችበት አገር ሴት ልጅን ከሜዳ የሚያስቀር ኀፍረት መኖሩ ያሳዝናል፤ ቢሆንም መኖሩን መካድ አይገባም። ሦስተኛ፣ ተማሪው ራሱን ቀርጾ ሊያይ ይችላል። ማሬ በብዙ ድካም ያገኘውን ነገር፣ የገዛ ሰውነትን እንቅስቃሴ በየክፍሉ ማየትን፣ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በነጻ ያገኘዋል።

ጉድለቱንም በምሳሌ እናስረዳ። በቅርጫት ኳስ «ሌይ አፕ» የሚባለውን እንውሰድ። በቀኝ እጁ የሚያስገባ ተጫዋች ኳሱን ይዞ በቀኝ እግሩ፣ ቀጥሎ በግራ እግሩ ይረግጥና በግራው ተነሥቶ ይዘልላል። በቪዲዮው የሚያሳየው ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ ካዞረ ግን ቀኙ በተመልካቹ ግራ በኩል ይታያል። በስልኩ የፊት ካሜራ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። እንዳየው የሚቀዳ ተማሪ ቀኝና ግራውን አምታቶ ይለማመዳል፤ ከተለማመደ በኋላ ማስተው ሁለት እጥፍ ሥራ ነው። በሜዳ ላይ ያለ መምህር ግን ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ አንድ ጊዜ ቢያሳይ ነገሩ ይቃናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ፊት መንከባለል ነው። ትክክለኛው አሠራር አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ክብደትን በሁለት እጅ ተቀብሎ፣ በላይኛው ጀርባና በትከሻ ላይ መዞር ነው፤ ክብደቱ በአናት ላይ ካረፈ አንገት ይጎዳል። የአጭሩ ቪዲዮ ሠሪ ግን ሰው እንዲያይለት ስለሚፈልግ ማሟሟቂያውን ቈርጦ ይጥላል፤ የእጁን አቀማመጥ ሳናይ ዞሮ ሲነሣ እናየዋለን። ከዚህም በላይ የሚሠራው በወፍራም ፍራሽ ላይ ሲሆን ተማሪያችን የሚሞክረው ብርድ ልብስ በተነጠፈበት ሲሚንቶ ላይ ነው። ስሕተት ሲሠራ ቪዲዮው «ቁም!» አይለውም። ከላይ ከጠቀስናቸው ሦስት ነገሮች ማየትን በብዛት፣ መሞከርን በመጠኑ ይሰጣል፤ መታረምን ግን አይሰጥም።

የመታረም ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ አርሲ፣ ወደ በቆጂ መመልከት ይበቃል። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። በበቆጂ የነበረው ሀብት ቀጭን አየር፣ ዳገትና የማይታክት የመምህር ዐይን ነው። አንድ መምህር በየቀኑ ተማሪዎቹን እየተመለከተ ማን እንደሚሮጥ፣ ማን እንደ ደከመ፣ ማን እንደሚበረታታ ለየ። ይህን የመለየት ሥራ እስከ ዛሬ የሚሠራ ስልክ በተማሪዎቻችን እጅ የለም። ስልኩ ተማሪው ምን ማየት እንደሚወድ ያውቃል፤ ጉልበቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ግን አያውቅም።

፯. አደጋው የት ነው?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አደጋው ተማሪው ቪዲዮ በማየቱ ላይ አይደለም። አደጋው ያለው ትምህርት ቤቱ «ተማሪዎቹ በስልካቸው ይማሩታል» ብሎ ሜዳውንና ክፍለ ጊዜውን የለቀቀ እንደ ሆነ ነው።

ይህ ሥጋት ከምንም የተነሣ አይደለም። ሰውነት ማጎልመሻ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ውስጥ የለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገር ሁሉ ደነገጠ። እንደዚህ ያለ ድንጋጤ ባለበት ጊዜ ለፈተና የማይቀርበው ትምህርት ሰዓት ለፊዚክስና ለሒሳብ ማካካሻ ሆኖ ለመወሰድ የቀረበ ነው። ግቢው ሲጠብብም ለአዲስ የመማሪያ ክፍል መሥሪያ የሚፈለገው መጀመሪያ ሜዳው ነው። እስከ አሁን ሜዳውን የጠበቀው «ያለ ሜዳ እንዴት እናስተምር?» የሚለው የመምህሩ ክርክር ነበር። ተማሪው በስልክ ተምሮ በፈተናው ቀን ብቻ መጥቶ የሚያሳይ ከሆነ ይህ ክርክር ኀይሉን ያጣል።

በዚህ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ በርትቶ መንቀሳቀስ እንደሚገባው ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የድርጅቱ ጥናት ደግሞ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካላቸው የዓለም ልጆች ከመቶ 81 የሚሆኑት ይህን ልክ አያሟሉም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1978 ባጸደቀው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሁሉም ሰው መብት መሆኑን አውጇል። «የሁሉም» የሚለው ቃል ከባድ ነው። በክፍለ ከተማችን የራሱ ስልክ ያለው ተማሪ አለ፤ በማታ የአባቱን ስልክ ጠብቆ የሚያይ አለ፤ ጭራሽም የሌለው አለ። የመረጃ ጥቅል የሚገዛበት ገንዘብም የአንዳንዱ ቤት የዳቦ ገንዘብ ነው። ሜዳ ግን ከማንም ክፍያ አይጠይቅም። ደግሞም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ በአገራችን ተዘግተው እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ትምህርቱን በሙሉ በነፋስ ላይ የጣለ ትምህርት ቤት ነፋሱ በቆመ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ታሪክ ስልክን ከሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ማባረር ይገባል ወደሚል ፍርድ አያደርሰንም። የሊንግ ሥዕል፣ የማሬ ፎቶግራፍ፣ የጃፓን ራዲዮ ሁሉም በጊዜያቸው ረዳቶች ነበሩ። ይህኛውም ረዳት መሆን ይችላል፤ ሥርዓት ግን ያስፈልገዋል። በእኛ አሳብ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ነው።

በመጀመሪያ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ፤ ምክንያታቸውንም እንረዳለን። ሆኖም መምህሩ ራሱ መርጦ በያዘው አንድ ስልክ ቪዲዮውን በሜዳው ላይ ቢያሳይ፣ ተማሪዎችንም በተራ ቀርጾ ወዲያው ስሕተታቸውን ቢያሳያቸው፣ ማየት፣ መሞከርና መታረም በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገናኛሉ። ስልክ የሌለውም ተማሪ ከሌላው እኩል ይሆናል።

ሁለተኛ፣ እንደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ተቋማት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አጫጭር ቪዲዮዎችን ቢያዘጋጁ፣ የሚያሳየው ሰው ከጀርባና ከጎን ቢቀረጽ፣ ማሟሟቂያውና አስተራረፉ ሳይቈረጥ ቢቀመጥ፣ ከላይ ያየናቸው ጉድለቶች ብዙዎቹ ይቃለላሉ። በዚያውም የገና ጨዋታና ትግል ከቅርጫት ኳስና ከጅምናስቲክ ጎን ቦታ ያገኛሉ።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ክፍለ ጊዜውና ሜዳው እንዲጠበቁ ነው። አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ሲቀየስ፣ አሮጌ ግቢ ሲከፋፈል፣ የትምህርት ሰዓት ሲደለደል፣ «በስልክ ይማሩታል» የሚለው ቃል እንደ ምክንያት መቅረብ የለበትም።

በመጨረሻም ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች አንድ ሥራ እናሳስባለን። በሰልፍና በፉጨት ዘመን ያስተማሩ፣ በፕላዝማም ዘመን በሜዳ የቀሩ አረጋውያን የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን በየሰፈሩ አሉ። ትዝታቸው በወረቀት ያልሰፈረ ነው። ጎፋም ሆነ መካኒሳ፣ ላፍቶም ሆነ ጀሞ፣ እያንዳንዳችን በሰፈራችን አንድ አንድ መምህር ፈልገን ብንጠይቅና ብንጽፍ የዚህ ትምህርት ታሪክ በመጠኑም ቢሆን ይሟላል። መምህራኖቻችንም በዚህ ጽሑፍ ያገኙትን ጉድለት ቢያመለክቱን በምስጋና እንቀበላለን።